የታውኖ ተራራ ሳይቀልጥ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለካሌቪ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ዶሎረስስ እንዴት ናት? ያ የትከሻዋ ሕመም ተሻላት ወይስ አሁንም እጇን ወደ ላይ ስታነሳ ያማታል? ሩበን የፊት ጥርሶቹ በቀሉለት? አኒካስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እናንተ ቴክሳስ በሩን ከፍታችሁ ነፋስ ስትቀበሉ፣ እኛ እዚህ በሩን ለመክፈት አካፋ ፍለጋ እንሄዳለን። ያም ሆነ ይህ ሰላማችሁ ይብዛ፣ ናፍቆቴም በያላችሁበት ይድረሳችሁ።

በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ስታይ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። አይዞህ፣ ማንም አልሞተም። የጻፍኩልህ በስልክ ስንገናኝ ከአየር ጠባይ ሌላ ወሬ ስለሌለን ነው። አንተ «እዚያ ስንት ወረደ?» ትለኛለህ፣ እኔ እነግርሃለሁ፣ አባባ ከኋላዬ ሆኖ «ልጁን ከሥራው አታስፈቺው» ይላል፣ ከዚያ ደህና ዋይ ደህና ዋል ተባብለን እንዘጋለን። ዘንድሮ ግን ንዴት ላይ ነኝ። ንዴት ደግሞ በእኛ ቤት በአፍ አይነገርም፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ ላውጣው።

ነገሩ የግቢያችን በረዶ ነው። ግቢው አንተ ትተኸው እንደሄድከው ነው። ግንድ ጫኝ መኪኖቻችን ማታ ማታ ከጋራዡ ፊት ይደረደራሉ፣ አባባም ሰማንያ ሦስት ዓመት ሞልቶት በረዶ መጥረጊያ መኪናውን ለማንም አይሰጥም። የወረደውን ጠዋት ይጠርግና እንደ ድሮው ከጋራዡ ጀርባ ወደ ምሥራቅ ገፍቶ በእትዬ ሄልሚ አጥር ሥር ይከምረዋል። ቁልቁለት ስለሆነ ለመግፋት ይቀላል። የሚከመረው ግን በረዶ ብቻ መሰለህ? ከመኪኖቹ የሚንጠባጠበው ናፍጣና የሞተር ዘይት፣ ከጎማው የሚራገፈው ጭቃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አባባ ለዶሮ ጥሬ እንደሚበትን ሰው በረዶውን አቅልጦ ሰው እንዳያዳልጠው ብሎ በአካፋ የሚበትነው ጨው አብሮ ይከመራል። የብርዱን ወራት ሙሉ ዝም ብሎ ይተኛና በኤፕሪል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀቃል።

ባለፈው ኦክቶበር የውሃ ተቆጣጣሪዋ መጥታ ይህንኑ አስረዳችን። በምዕራቡ በኩል ኩሬ ቆፍሩ፣ ሥሩን በሸክላ አፈር ደልድሉት፣ በረዶውን እሱ አጠገብ ከምሩ፣ ሲቀልጥ ውሃው እዚያ ያርፋል፣ ዘይቱንና ጭቃውን ከላይና ከታች ትለቅማላችሁ አለች። ጨውን ግን ምንም ኩሬ አያጣራውም፤ መድኃኒቱ መጀመሪያውኑ አሳንሶ መበተን ነው፤ ብርዱ ሲጠና ጨው ጨርሶ አይሠራምና አሸዋ ተጠቀሙ አለች። አባባ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት፣ የሄል ዳቦ አበላት፣ እስከ መኪናዋ ድረስ ሸኛት። ኩሬውንም ቆፈርን። እኔም የዋህ ነኝና ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። የመጀመሪያው በረዶ በወረደ ጠዋት ግን ተነስቶ እንደ ልማዱ ወደ ምሥራቅ ገፋው። ሮጬ ወጥቼ «አባባ፣ ኩሬውስ?» ብለው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ኩሬው ጥሩ ኩሬ ነው» አለኝና መስኮቱን መልሶ ዘጋው።

ምክንያቱን አንተም ታውቀዋለህ፤ ተራራው ነው። ታውኖ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአባባ የመጀመሪያው ሾፌርና ጓደኛው፣ የእትዬ ሄልሚ ባል፣ ያን አሮጌ የመኪና ወንበር ከክምሩ አናት ላይ ሰቅሎ «መሬት የሚነካው የትኛው ቀን ነው?» ብሎ ሾፌሮቹን ካወራረደ ጀምሮ ከተማው በሙሉ ይኸው ገንዘብ እያስያዘ ይገምታል። ገቢው ለልጆቹ የበረዶ ሜዳ ይውላል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ታውኖ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ራሱ ይነዳት ከነበረችው መኪና ወንበሩን አውጥተው ነው የሚሰቅሉት፤ ስሙንም «የታውኖ ተራራ» ብለውታል። አሁን ተራራውን ከቦታው አንቀሳቅሱ ማለት መቃብር ቆፍሩ እንደማለት ሆኗል። ግምቱን የሚመዘግበው ባለ ምግብ ቤቱ ራልፍ ነው፤ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ተራራውን እናዛውረው ብዬ በቀስታ ብነግረው ሰው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሲርካ፣ ተራራ የሚነቅል እምነት ካለሽ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነይ እንጂ እዚህ ሾርባ ላይ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። ምግብ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ? ቤቴ ስገባ ነው የተናደድኩት።

አንተ ራስህስ ብትሆን? ዘንድሮም ደውለህ ግምትህን ለራልፍ አስመዝግበሃል አሉ። ለራልፍ ስትደውል «እኅቴ እንዴት ናት?» ብለህ እንኳ አልጠየቅክም። እሱን ለብቻው እንተሳሰብበታለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ መንገዱ መስታወት በሆነበት ቀን እትዬ ሄልሚ ሁለት ጄሪካን ውሃ በልጆች መንሸራተቻ ላይ ጭነው ከቤተ ክርስቲያን በኩል ሲጎትቱ አገኘኋቸው። ሴትዮዋ እኮ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው! መኪናዬን አቁሜ ወረድኩና፣

«እትዬ ሄልሚ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አልኳቸው።

«ለአበቦቼ ነው ልጄ። የቤተ ክርስቲያኑ ውሃ ይስማማቸዋል» አሉኝ፣ የዓይናቸው ሽፋሽፍት ላይ ብርዱ ነጭ ሆኖ ደርቆ።

በፌብሩዋሪ ለአበባ! ጄሪካኖቹን ተሸክሜ አስገባሁላቸው። አበቦቹ በመስኮቱ ላይ እንደተደረደሩ ናቸው፣ ሁሉም ደርቀዋል። ማንቆርቆሪያው አፉ ድረስ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ወደ ቧንቧው ስሄድ ከፊቴ ቆሙና «ተይው፣ በጣም ይቀዘቅዛል፣ ጥርስሽን ያምሻል» አሉኝ። አልፌያቸው ከፈትኩና ጠጣሁ። ካሌቪ፣ ጨው ነው። ሾርባ ላይ ጨው የበዛበት ሰው እንደሚያደርገው አድርጌ መልሼ ተፋሁት። ከጉድጓዳቸው የሚወጣው ውሃ ይህ ነው። የእኛ ግቢ ውሃ ነው።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብጠይቃቸው መጥረጊያ ይዘው ንጹሑን ወለል መጥረግ ጀመሩ። በመጨረሻ «ታውኖ በሞተ በዓመቱ ጀመረው» አሉ። ለምን አልነገሩንም ብል ደግሞ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ምን ብዬ? አባትሽ ጨው የሚበትነው ለምን እንደሆነ አላውቅም እንዴ?» አሉኝ።

አንተ ለቀብሩ መጥተህ በሳምንቱ ስለተመለስክ ይህን አላየኸውም። ታውኖ ከመኪናው ሲወርድ በግቢያችን በረዶ ላይ አዳልጦት እንደወደቀ ታውቃለህ። ዳሌው ተሰብሮ ከአልጋ ሳይነሳ ቀረ። አባባ ከዚያ ቀን ወዲህ ጨው ሳይበትን ውሎ አያውቅም። ጠዋት ይበትናል፣ ከምሳ በኋላ ይበትናል፣ ጨው በማይሠራበት ብርድ ይበትናል፣ ማንም በማይረግጠው ጥግ ሁሉ ይበትናል። ሾፌሮቹ ጫማቸው እየነጣ ይስቁበታል። እኔም የእርጅና አመል መስሎኝ ነበር። ለታውኖ ብሎ የሚበትነው ጨው በታውኖ ሚስት ጉድጓድ ውስጥ ገባ። እሳቸውም ይህን እያወቁ በበረዶ ላይ ውሃ ሲጎትቱ ከረሙ። «እንዳትነግሪው» ብለው እጄን ያዙኝ፣ «ይህን ከሰማ አይተርፍም። ጀርባዬ ገና ደህና ነው።»

አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ደሜ ፈላ። በአባባ ብቻ አይደለም የተናደድኩት። በእሳቸውም ተናደድኩ። የዚህ አገር ሰው ይሉኝታ እኮ ሰው ይገድላል! ቤቱ ቢቃጠል ጎረቤቱን ላለመቀስቀስ በሹክሹክታ «እሳት» የሚል ሕዝብ ነን። ሁሉን በሆዴ፣ ሆድ ይፍጀው! ሆድ ግን የማይፈጀው ነገር አለ፤ ጨዋማ ውሃ አይጠጣም።

ላልነግረው ቃል ሰጥቻቸው ስለነበር፣ ቃሌን ሳላፈርስ አባባን በዘዴ ልነካካው ሞከርኩ። «አባባ፣ የእትዬ ሄልሚ ጉድጓድ ጨው ገብቶበት እንዳይሆን» አልኩት።

«እሷ ነገረችሽ?»

«አልነገሩኝም።»

«እንግዲያው የለም።»

በማግሥቱ ሄዶ በአጥሩ ላይ ጠየቃቸው። ቆሜ እሰማለሁ። «ሄልሚ፣ ውሃሽ እንዴት ነው?» አላቸው። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ውሃ ነው!» ብለው እጃቸውን አወዛወዙለት። አባባ ወደ እኔ ዞሮ «ሰማሽ?» አለኝ። ያን ቀን ጋራዥ ውስጥ ገብቼ ባዶ በርሜል በእርግጫ መታሁ፣ የእግሬ አውራ ጣት እስካሁን ያመኛል።

ያለፈው እሁድ ግን በቃኝ። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እንደ ሁልጊዜው እሳቸው ጋ ቡና ልንጠጣ ገባን። እትዬ ሄልሚ ለእንግዳ የሚሆነውን የቤተ ክርስቲያን ውሃ በማንቆርቆሪያው አዘጋጅተዋል፤ ለካ በየእሁዱ የምንጠጣው እሱን ኖሯል። አባባ ካፖርቱን እስኪያወልቅ ድረስ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ውሃውን ደፋሁትና ከቧንቧው ሞላሁ። ቡናውን ራሴ አፈላሁ፣ ራሴ ቀዳሁ። እትዬ ሄልሚ ከበሩ ላይ ቆመው ፊቴን ሲያዩ ገባቸው። ግን በእንግዳ ፊት ምን ይበሉ? ተቀመጡ።

አባባ አንድ ጊዜ ፉት አለና ቆመ። ጉንጩ እንደሞላ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዋጠው። ስለ መንገዱ ማውራት ጀመረ፤ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲለሰልስ ከባድ መኪኖችን የሚያግደው የጭነት ገደብ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ይወጣል አሉ፣ ግንዱን ቶሎ ማንሳት ነው አለ። እያወራ ጨረሰው። እኔም በክፋት «ልጨምርልህ አባባ?» አልኩት። አየኝ። እትዬ ሄልሚን አየ፤ እሳቸው የጠረጴዛ ጨርቁን ያቃናሉ። «ትንሽ» አለ። ሁለተኛውንም ጨረሰው! ሲነሳም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ «ጥሩ ቡና ነው ሄልሚ፣ እጅሽ ይባረክ» አላቸው። እኔ ልጮኽ ምንም አልቀረኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ በራችን ላይ ሳንደርስ መኪናውን አቆመ። ወርዶ ከአጥሩ ራስ ላይ ንጹሕ በረዶ አፈሰና አፉ ውስጥ ከተተ። ወርጄ አጠገቡ ስሄድ፣

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«አንተስ አሁን ለምን አልነገርካቸውም?»

«ለታውኖ ብዬ ነበር እኮ» አለና አለቀሰ። አባባ ሲያለቅስ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላየሁም ነበር፤ እማማ ስትሞት እንኳ ወጥቶ እንጨት ነው የፈለጠው። እጁን ያዝኩት። እሱ አንድ ጊዜ ካወቀ ነገሩ ሁሉ የሚቃና መስሎኝ ነበርና በልቤ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ለካ ያመሰገንኩት ቸኩዬ ነው። ሰኞ ጠዋት ራሱ ወጥቶ የታውኖን ወንበር ከተራራው አናት አወረደ፣ በጨርቅ ጠርጎ ጋራዥ ውስጥ አስቀመጠው፣ ሎደሩን አስነስቶ መቆፈር ጀመረ። ግን ማርች ላይ ያ ክምር በረዶ መሆኑን ትቶ ብረት ሆኗል። ሲቀልጥና ሲረጋ፣ ሲቀልጥና ሲረጋ ነው የከረመው። የሎደሩ ጥርስ ተሰበረ፤ ቀየርንለት፤ እንደገና ተሰበረ። ባለ በሌለ ኃይሉ ሲፈነቅል፣ እኔ በገልባጭ መኪና ወደ ኩሬው ሳመላልስ ሰንብተን አባባ ወገቡ ያዘው። ማታ ከገባ አንድ ሾፌር ጋር ሁለት ሆነን ከሎደሩ ላይ ተሸክመን አወረድነው፤ አሁን ጀርባው ላይ ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። ከተራራው የተነሳው ሲሶው ቢሆን ነው።

ሾፌሮቹን እንዳላዝ፣ ወሩ ማርች ነው። መንገዱ ሳይለሰልስ፣ የጭነት ገደቡ ሳይወጣ ግንዱን ከጫካ ማውጣት አለባቸው፤ ከንጋት እስከ ማታ መንገድ ላይ ናቸው፣ የማናቸውም ቤት በዚህ ወር ሥራ ነው የሚኖረው። ገደቡ ሲወጣ መኪኖቹ ሁሉ ይቆማሉ፣ ያን ጊዜ ሰው እንደ ልብ ነው፤ ግን ያን ጊዜ መሬቱም በረዶውም ቀልጧል ማለት ነው። የከተማው ሎደር መንገድ ከመጥረግ አያርፍም። ራልፍም ወንበሩ እንደወረደ ሰምቶ መጣና «የልጆቹን ጨዋታ ገደላችሁት» አለኝ። «ሂድና እትዬ ሄልሚ ቤት አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ተመለስና አውራኝ» አልኩት። ይሂድ አይሂድ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

እትዬ ሄልሚም አኩርፈውኛል። በሩን አይከፍቱልኝም። ለአባባ የሄል ዳቦ ጋግረው በራችን ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ በላዩ ላይ «ለአርቮ» ብለው የአባባን ስም ጽፈውበት፣ እኔ እንዳልበላው። ውሃ በጄሪካን ሞልቼ በራቸው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ያስገቡታል፣ ባዶውን መልሰው ያወጡታል፣ ግን አንድ ቃል አይወጣቸውም። እንዲህ ሆነን ነው ያለነው። ጠዋት መኪኖቹን አሰማራለሁ፣ ከዚያ ሎደሩ ላይ እወጣለሁ፣ ከዚያ አባባን አገላብጣለሁ። እጄ ማታ ማታ ማንኪያ አይጨብጥም። ብቻዬን አልችለውም ካሌቪ። ይህን ቃል በሕይወቴ ጽፌው አላውቅም።

ሳልዋሽ ልንገርህ፣ ተራራውን በሙሉ ብናነሳውም ጉድጓዱ ዘንድሮ አይጣፍጥም። መሬት የገባው ጨው በዓመት በሁለት ዓመት ታጥቦ አይወጣም ብላኛለች ተቆጣጣሪዋ። ግን ደግሞ ክፉው መጀመሪያ የሚቀልጠው ውሃ ነው አለችኝ፤ አብዛኛውን ጨው ጠራርጎ ይዞ የሚወርደው እሱ ነው። የዘንድሮው ወደዚያ አጥር ከወረደ፣ ያ ጉድጓድ በእትዬ ሄልሚ ዕድሜ ውሃ ሆኖ አይመለስም። ዘንድሮ ካስቀረነው ግን በሕይወት እያሉ ከገዛ ቧንቧቸው ሊጠጡ ይችላሉ። እኔ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው። እሳቸው እኮ ናቸው እማማ ከሞተች በኋላ ፀጉሬን ያበጠሩልኝ፣ አንተን ጫማ ማሰር ያስተማሩህ።

አንተ ሎደር ላይ ስትወጣ ከአባባ ትሻላለህ፤ እሱ ራሱ ይህን የሚለው አንተ በሌለህበት ነው። ኤፕሪል ሳይገባ ድረስልኝ። ምክር አልፈልግም፣ ገንዘብም አትላክልኝ፤ ሰው ነው የቸገረኝ። ዶሎረስ ትቆጣ ይሆናል፤ ይህን ደብዳቤ አንብብላት፣ እሷ እንደኛ አይደለችም፣ ሲከፋት አፍ አውጥታ የምትናገር ሰው ናት፣ እግዚአብሔር ይባርካት፣ ይገባታል።

እንግዲህ ዶሎረስን በጣም ሰላም በልልኝ፣ ትከሻዋን በሳውና እንዳሽላት እሷም ብትመጣ ደስ ይለኛል። አኒካን ግንባሯን ሳምልኝ፣ የላከችውን ሥዕል ጋራዥ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ሾፌሮቹ ፈረስ ነው ድመት ነው እያሉ ይከራከሩበታል። ሩበንን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ። አባባ ከአልጋው ሆኖ ሰላም ብሎሃል፤ «ደህና ነን፣ ሥራውን ትቶ እንዳይመጣ ብለሽ ጻፊ» ብሎኛል። እትዬ ሄልሚም ልጽፍልህ መሆኑን ሲሰሙ ከአኮረፉኝ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገሩኝ፤ በሩን ሳይከፍቱ፣ ከውስጥ ሆነው፣ «እኔ ምንም አልጎደለብኝም በይው» አሉኝ።

ሁለቱንም አትመናቸው። ና።

እኅትህ ሲርካ

ኮስኪ፣ ሰሜን ሚኒሶታ
ማርች 9 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.